የላይኛው መደዳ ጥንቸሎች

የካቲት 9፣ 2017፣ እሑድ

የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ዶክተር ይትባረክ "ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፣ የማይረባ የሚመስልሽንም" ስላሉኝ ደብተር ገዛሁ። እሳቸው ስለ ጥንቸሎቹ ነው ያሉት። እኔ ወሬ ስለምወድ ሌላውም መግባቱ አይቀርም።

ጥንቸሎቼ ያሉት ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ኦቦ ዋቅቶላ ግቢ ውስጥ ነው። ኦቦ ዋቅቶላ ይህ ሁሉ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት እዚሁ ስንዴ ያርሱ ነበር። አሁን የቀራቸው ቤታቸውና ባዶ የላም በረት ነው። በረቱን ለጥንቸል ስጠይቃቸው ብዙ ሳቁ። "ላም በታሰረበት ጥንቸል! በይ እንግዲህ" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ሳጥኖቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬ ሁለት መደዳ አድርጌአቸዋለሁ። የላይኛው መደዳ ከፉርሽካውና ከፋጉሎው ጋር የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ይበላል። የታችኛው ያለ ሽፈራው ነው የሚበላው። ዱቄቱ ወደ ታች እንዳይራገፍ በመሐል ላስቲክ አንጥፌአለሁ። ሁሉንም አስቤበታለሁ። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ሽፈራው ደም ይጨምራል ወይ? እኛ አርባ ምንጭ ሃለኮ ብለን እንደ ጎመን የምንበላውን ቅጠል ሳይንስ ላደርገው ነው። እናቴ ከጓሮ ለቅማ፣ አድርቃና ፈጭታ በማዳበሪያ ሞልታ ላከችልኝ።

ውሃ ዛሬም የለም። ለጥንቸሎቹ ውሃ በቱቦ የሚያደርሰው ሮቶ ግማሽ ደርሷል። ይበቃል።

ማታ አክስቴ አዝመራ ከማዳበሪያው በማንኪያ ዘግና ሾርባዋ ላይ ነሰነሰች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ የምኖረውም እሷ ቤት ነው። የማኅፀን እጢ አለባት፤ ወር በመጣ ቁጥር ብዙ ደም ይፈሳታል። ሐኪሞቹ እጢው በቀዶ ጥገና ይውጣ፣ መጀመሪያ ግን ደምሽ ይሙላ ብለው የአይረን ክኒን ሰጥተዋታል። ቀጠሮዋ መጋቢት 10 ነው። ክኒኑ ሆዴን አደረቀው እያለች ታማርራለች። "ከሱ የእናትሽ ሃለኮ ይሻለኛል" አለችኝ። "ብዪ፣ አይጎዳሽም" አልኳት።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ደም ወሰድኩ። ከጆሯቸው ጠርዝ፣ በትንሿ መርፌ። ሁለቱ ቧጠጡኝ።

ከቡልቡላ እስከ ሃያ ሁለት በታክሲ፣ የበረዶ ሳጥኑ ጭኔ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ምሳ ነው?" አለኝ። የጥንቸል ደም ነው ስለው ወንበር ቀየረ።

ነህምያ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት አንድ የግል ላቦራቶሪ ይሠራል። ደሙን በቀጫጭን የመስታወት ቱቦ አድርጎ በማሽን ያሽከረክረዋል። ቀዩ ከታች ይረጋል፣ ውሃማው ከላይ ይቀራል፤ ቀዩ በበዛ ቁጥር ደሙ ሞልቷል ማለት ነው። የላይኛው መደዳ ቀይ ከታችኛው በግልጽ በለጠ። አንዱ አይደለም፣ ሁሉም።

"ሩሂ፣ ይሄ ቅጠል ቀላል አይደለም!" አለ ነህምያ። ሳቅኩ። ከጎን ካለው ካፌ ማኪያቶ አስመጥቶ ጋበዘኝ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

የቸርቻችን የቤት ኅብረት ዛሬ እኛ ጋ ነበር። ጸሎት እንዳለቀ ፍሬ "ሩሃማ፣ ጥንቸሎችሽስ እንዴት ሆኑ?" አለችኝ። ፍሬ የአክስቴ የኅብረት ጓደኛ ናት። ልትስቅብኝ ነው እንጂ የጥንቸል ጉዳይ አስጨንቋት አይደለም። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሥጋው ይበላ እንደሆነ ነው። ዛሬ ግን የምመልሰው ነበረኝ። "ሽፈራው የበሉት ደማቸው ከፍ ብሏል፣ በላቦራቶሪ ታይቷል" አልኩ። ከዚያ "ጌታ ይባረክ!" ሆነ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ስለ ጥንቸል ይህን ያህል ጊዜ ሳወራ አንድ ቀን እንዲህ ተሰምቶልኝ አያውቅም።

አክስቴ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። ሰዉ ሲሄድ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"በዓይኔ ነው ያየሁት" አልኳት።

የካቲት 23፣ እሑድ

አክስቴ ዛሬ ለምስክርነት መድረክ ወጣች። እንደምትወጣ አልነገረችኝም።

"ደምሽ አንሷል ብለውኝ ነበር" አለች፣ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ። "ጌታ ግን በአገሬ ቅጠል ጎበኘኝ። የልጄ ጥንቸሎች ደማቸው ሞልቷል፣ የኔም ሞልቷል። በእምነት ተቀብዬዋለሁ። ክኒኑን ትቻለሁ!"

ጉባኤው በአንድ ላይ ተነሣ። ሃሌሉያው ጣሪያውን ነቀነቀው። እኔ ኳየሩ መሐል ቆሜ ነበር፤ አጨበጨብኩ። ከሰው ሁሉ በኋላ ማጨብጨቤን ያቆምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የተመረመረው የጥንቸል ደም ነው። የእሷ ማን አየው? ቤት ስንገባ ልነግራት ነበር። ቤት ስንገባ እንግዳ ሞልቶ ጠበቀን።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ስልኬ አላርፍ አለ። የቸርች ሴቶች ናቸው፣ ዱቄት አለሽ ወይ ይላሉ። አንዷ ለራስ ምታት፣ አንዷ ለወገቧ። ፍሬ ደግሞ ለስኳሯ። እኔ ስለ ስኳር በሽታ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። "አንቺ እንኳን እጅሽ የተባረከ ነው" ስትለኝ በፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋት።

አክስቴን ከገበያ ስትመለስ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብላ ከጎረቤታችን ከፈቲያ ጋር ታወራለች። ድሮም ወሬ ትወዳለች፣ እኔ ከማን ወረስኩ? ሦስተኛው ፎቅ ላይም ተቀመጠች። እዚያ ግን የሚያወራት ሰው አልነበረም።

ሌላ አመል አምጥታለች። ከፍሪጅ በረዶ እያወጣች እንደ ቆሎ ትቆረጥማለች። ሙቀቱ ነው ትላለች። መብራት ጠፍቶ በረዶው የቀለጠ ቀን ማን ያናግራታል!

ማታ "ጥንቸሎችሽስ? ደማቸውስ?" አለችኝ። አሁን አሁን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። "ደህና ናቸው" አልኳት።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ለዶክተር ውጤቱን አሳየኋቸው። መገናኛ አንድ ሆቴል የሚደረግ ጉባኤ አለ፣ እዚያ ታቀርቢዋለሽ አሉኝ። አጭር መግለጫውንም ዛሬውኑ ላክነው። የላይኛው መደዳ ክብደት እንዳልጨመረ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "ምክንያቱን ፈልጊ" አሉኝ። እፈልጋለሁ። ጊዜ ሳገኝ።

ኦቦ ዋቅቶላ "የላዮቹ ልጆችሽ ሰላም የላቸውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ብረት ሲያንኳኩ ያድራሉ" አሉኝ። ጉልበት ነው አልኳቸው፣ ሽፈራው ነው! ሳቁ። ቁርስ ብዪ ብለው ቂንጬ አቀረቡልኝ።

ጆሮ ጥቁሯ ጥንቸል፣ ከላይኛው መደዳ፣ ወዳኛለች። እጄን ታጥቤ ስመለስ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትልሳለች። ፎቶ አንስቼ ለነህምያ ላክሁለት። ከሰው ያላገኘሁትን ፍቅር ከጥንቸል አገኘሁ ብዬ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

የአክስቴ ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ጠዋት ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። "የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት። "የትም። አንቺስ? ጥንቸሎችሽስ?" "ደህና ናቸው" ብያት ወጣሁ። ታክሲ ረፍዶብኝ ነበር።

ማታ ስመለስ ያንኑ ልብስ እንደለበሰች ነበረች።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ራቴን ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ጆሮ ጥቁሯ ጣቴን ከላሰች በኋላ እርጥብ እጅጌዬን በጥርሷ ይዛ አልለቅ አለች። ልብሱን ትመጠው ነበር። ሳጥኗ ውስጥ ውሃ የሚጠጡበት የብረት ጫፍ አለ፤ ሲነኩት ያንጠባጥባል። በጣቴ ነካሁት። ደረቅ ነው። ቀጣዩንም ነካሁ። ደረቅ። የላይኛውን መደዳ ከዳር እስከ ዳር ነካሁ። አንድም ጠብታ የለም። የታችኛው መደዳ ግን ሁሉም ያንጠባጥባል።

ሮቶው የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው። ከግማሽ ሲወርድ ውሃው ከላይኛው ቱቦ በታች ይሆናል። ለታችኞቹ ይወርዳል፣ ለላይኞቹ አይወጣም። የውሃ ፈረቃው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሮቶው የሚሞላው በስንት አንዴ ነው። ግማሽ ነው፣ ይበቃል፣ ግማሽ ነው፣ ይበቃል ስል ከረምኩ።

የጠማው እንስሳ ደሙ ይወፍራል። ውሃው ስለሚቀንስ ቀዩ የበዛ ይመስላል። ሽሮ ብዙ ሲንተከተክ ይወፍራል እንጂ ሽሮው አይጨምርም። ይህን ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌዋለሁ።

ጥንቸሎቼ ደም አልሞላቸውም። ጠምቷቸው ነው። ብረቱን ሲያንኳኩ የሚያድሩት ውሃ ፍለጋ ነው። እኔ ደግሞ ወደደችኝ እያልኩ ፎቶ አነሳለሁ!

ከቦቴ ውሃ አስገዛሁ። ሮቶውን እስከ አፉ ሞላሁት። ጆሮ ጥቁሯ ጠጥታ ጠጥታ ስትጨርስ ዞር ብላም አላየችኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ለአክስቴ ልነግራት ነው። ግን ምን ብዬ? ገና እርግጠኛ አይደለሁም። በደንብ ጠጥተው ይሰንብቱና እንደገና ልለካ። ያላረጋገጥኩትን ተናግሬ አይደል እንዲህ የሆነው። መጀመሪያ ላረጋግጥ።

ዛሬም በረዶ ስትቆረጥም ነበር።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

አረጋገጥኩ። የላይኛውና የታችኛው መደዳ አንድ ናቸው። ነህምያ ቱቦዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ "ስሚ፣ ማን ይጠይቅሻል? የመጀመሪያውን አቅርቢ" አለኝ። ለኔ አዝኖ ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም።

በቀጥታ ቢሮ ሄጄ ለዶክተር ይትባረክ ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ልመለስ ብዬ ነበር። አዳመጡኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ "ጎሽ። ውሃውንም ጨምረሽ ጻፊው። ለጉባኤው እኔ እደውላለሁ" አሉኝ። አለቀ። ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ታዲያ የጨነቀኝ ምን ነበር? እንዲህ ቀላል ከሆነ ቤት ገብቼ ለምን አልተናገርኩም?

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የአክስቴ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሏል፣ አተነፋፈሷ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ተኝታ የምትተነፍስ ሳይሆን ዳገት የምትወጣ ነው የምትመስለው።

ራት ላይ ፊቴን አየችኝና "ምነው ጠቆርሽ? ጥንቸል ሞተብሽ?" አለችኝ።

"አይ።"

"ውጤትሽ ተበላሸ?"

እዚህ ጋ ነበር መናገር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። "አይ፣ ደክሞኝ ነው" አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሳህኑን አነሳች፣ ከግማሽ መንገድ ወንበር ተደግፋ ቆመች፣ ሄደች።

ምን ልበላት? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆማ የመሰከረችውን በኔ አፍ ላፍርሰው? ያ ቸርች ቤቷ ነው። ባሏ ሲሞት ያቆሟት እነሱ ናቸው። ነገ "አዝመራ በጥንቸል መሰከረች" ብለው ይሳቁባት? እምነቷ ነው፣ እኔ ማን ነኝ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር አመሻለሁ። ግን ዛሬ ብቻዬን ስለሆንኩ ልጻፈው፦ የሚሳቅባት እሷ ብቻ አይደለችም። "እጅሽ የተባረከ ነው" የተባልኩት እኔ ነኝ።

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 25

አልነገርኳትም። የእናቶች ጸሎት ነበራት።

መጋቢት 28፣ እሑድ

መጋቢው ምስክርነትዎን ለእንግዶች ያሰሙ ብሎ አክስቴን ወደ መድረክ ጠራት። መድረኩ ሦስት ደረጃ ነው ያለው። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ከዚያ እዚያው ተቀመጠች፣ ማይኩን ተቀበለችና ወደ ኳየሩ ዘረጋችው፤ ወደኔ። "ሩሃማ ትንገራችሁ" አለች። "የምታውቀው እሷ ናት።"

ማይኩ እጄ ገባ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያየኛል። እሷ ከደረጃው ላይ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እሷ ግን ፈገግ አላለችም። ደክሟት ይሆናል፣ ወይም ልታከብረኝ ፈልጋ ይሆናል።

"ጌታ ይመስገን" አልኩ። ማይኩን መለስኩ።

ስንወጣ ፍሬ አቀፈችኝ። "እዪው ቀሚሴን፣ ሰፋኝ! ዱቄትሽ እያቀጠነኝ ነው" አለችኝ። ማታ አክስቴ ስለ ጥንቸሎቹ አልጠየቀችኝም። ሳትጠይቀኝ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ፈቲያ ደወለችልኝ። "ነይ እስቲ፣ አክስትሽ ደረጃ ላይ ናቸው፤ አነሳቸዋለሁ ብል እምቢ አሉኝ።"

ሮጥኩ። አክስቴ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተቀምጣለች። ሁለተኛው ሳይሆን የመጀመሪያው። አንድ ጀሪካን ውሃ አጠገቧ አለ። ፈቲያ ጀሪካኑን ይዛ ወጣችና ሁለታችንን ተወችን።

ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ወደ ታች ሳብ አደረግሁት፤ ጥንቸል ሲታመም የማደርገውን ነው ያደረግሁት። ቀይ መሆን ያለበት ቦታ ነጭ ነው። የስንት ጥንቸል ዓይን ገልጬ ሳይ የከረምኩ ሰው፣ አብራኝ የምትበላውን የሷን ዓይን አንድ ቀን አልገለጥኩም።

"አክስቴ፣ ደማቸው አልሞላም" አልኳት። "ጠምቷቸው ነበር። ተሳስቼ ነው። ሃለኮው ምንም አልጨመረም። ያወቅሁት ደግሞ ዛሬ አይደለም።" ለቅሶው መጣ፣ አላቆምኩትም።

እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

"ማይኩን ለምን የሰጠሁሽ መሰለሽ?" አለችኝ።

ዕንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

"እኔ እኮ ሰውነቴን አውቀዋለሁ፣ ሩሃማዬ። ከመሰከርኩ በሳምንቱ አውቄያለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ክኒኑን ትቻለሁ ብዬ እንዴት ልመለስ? ጌታን ውሸታም ያደረግሁት መሰለኝ። አንቺ 'ጥንቸሎቹ ላይ ተሳስቻለሁ' ብትዪኝ የምመለስበት መንገድ አገኝ ነበር። ለዚያ ነው በየቀኑ የምጠይቅሽ። የቀጠሮው ቀን ለብሼ ጠበቅሁሽ። አንቺ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው…"

ትንፋሽ አጠራት፣ አቆመች። ፈቲያ ተመልሳ ወርዳ ታክሲ ጠራች። ለሁለት ደግፈን አወረድናት።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ፣ ሆስፒታል

ደሟ አምስት ብቻ ነው፣ አሥራ ሁለት መሆን ሲገባው፤ የበረዶው አመልም ከደም ማነሱ ነው አሉን። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ሁለታችንንም በተራ አየን። "እስከዛሬ የት ነበራችሁ?" አለ።

"ቤት" አለችው አክስቴ። "እርስ በርስ ስንጠባበቅ።"

አንድ ከረጢት ደም ገብቶላታል፣ ሁለተኛው እየወረደ ነው። እጢውን ቶሎ እናወጣዋለን፣ መጀመሪያ ግን ትረጋጋ ብለዋል። ይሳካል ወይ ብዬ ስጠይቅ "እንሞክራለን" አሉኝ። ከንፈሯ ትንሽ ቀለም ይዟል። ወይም እኔ ስለምፈልግ ነው የታየኝ፤ በቀይ ነገር ዓይኔን ካላመንኩት ቆየሁ።

ከእንቅልፏ ስትነቃ "እሑድ ያን ማይክ መልሰሽ ትይዥዋለሽ" አለችኝ። "ዱቄቱን የወሰዱት ሁሉ ይስሙ። ያልሽውን ሁሉ በዪ፣ የኔንም በዪ። ይሳቁ።" እሺ አልኳት። ለእሑድ ሁለት ቀን አለኝ ብዬም ተጽናናሁ። ይኸው እንዲህ ነኝ።

ከሰዓት የቸርች ሴቶች ደም ሊሰጡ መጡ፤ ኮሪደሩን ሞሉት። የፈራኋቸው ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም ስለ ምስክርነቱ አላነሱም። ነህምያም ከሥራ ወጥቶ መጥቶ እጅጌውን ሰብስቦ ተሰልፏል።

ፍሬ መጨረሻ ላይ መጣች። ትልቁን የውሃ ጠርሙስ ይዛ ነበር። አጠገቤ ከመቀመጧ ከፍታ አጋመሰችው፣ ትንሽ ቆይታ ጨረሰችው። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። "ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ሰሞኑን ውሃ አልጠግብ አልኩ" አለችኝ እየሳቀች። "ሌሊትም እየተነሳሁ እጠጣለሁ።"

ባዶውን ጠርሙስ አየሁት።

"ፍሬ፣ የስኳር መድኃኒትሽን ትወስጂያለሽ?"

"ትቼዋለሁ እንጂ" አለችኝ። "እንደ አዝመራ።"

እሑድን አልጠበቅሁም። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ከሮቶው ጀምሬ ነገርኳት። ከዚያ እጇን ይዤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። ስንሄድ "ዱቄቱስ?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር፣ "የቀረውን ልጣለው?"

"ወጥ አድርጊው" አልኳት። "ጎመን ነው።"